የመብራት ቢላችን ጉዳይ፦ ለሜሪላንድ ምክር ቤት የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ስብሰባው ላይ የመብራት ነገር ተነስቶ ሰዓት ስላለቀብን እዚህ እንድንቀጥል ተስማምተን ነበር። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ለ90 ቀን ይቀመጣል። የኃይል ሕጎች በኮሚቴ ሲታዩ ማንኛውም ነዋሪ ምስክርነቱን በጽሑፍ ማስገባት ይችላል። የእኛን ከወዲሁ አዘጋጅተን እንጠብቅ። አንድ ገጽ ይበቃናል። ምን እንበል?

አባል፣ ጀርመንታውን

እኔ በግልጽ ልናገር። ቢሌ ላይ ኢምፓወር ሜሪላንድ የሚባል ክፍያ አለ። ስቴቱ ደግሞ በ2019 ባወጣው ሕግ፣ በ2030 እዚህ ከሚሸጠው መብራት ግማሹ እንደ ፀሐይና ነፋስ ካለ ታዳሽ ምንጭ መሆን አለበት ብሏል። ይኼ ሁሉ ከኪሳችን ነው የሚወጣው። ሁለት ልጅ ኮሌጅ እያስተማርኩ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ይሁን፦ ይቅርልን።

ገንዘብ ያዥ

ወንድሜ፣ ሸክሙ እውነት ነው። ግን የላካችሁልኝን ቢሎች ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ፤ ይቅርልን ከማለታችን በፊት የትኛው መስመር እንደጨመረ እንለይ።

ቢሉ ሦስት ነገር ነው። አንዱ የኃይሉ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ኃይሉን በሽቦ እስከ ቤት የማድረሻ ዋጋ። ሦስተኛው ግብርና ተጨማሪ ክፍያዎች ናቸው። በቅርቡ በጣም የዘለለው የመጀመሪያው ነው። ሜሪላንድ ከምትጠቀመው መብራት 40 በመቶ የሚሆነውን የምታመጣው ከሌሎች ስቴቶች ነው። ገበያውን የሚመራው ፒጄኤም የሚባለው ድርጅት ሲሆን 13 ስቴቶችንና ዲሲን ያዳርሳል። ይህ ድርጅት የኃይል ማመንጫዎች በክፉ ቀን ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ በጨረታ ይከፍላል። ከጁን 2024 ለጀመረው ዓመት፣ ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ለቀጣዩ ዓመት 269.92 ገባ። ከዚያ ለሚቀጥለው 329.17 ሆኗል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አሮጌ ማመንጫዎች እየተዘጉ ነው፣ አዲሶቹ ከመስመሩ ጋር ለመገናኘት ዓመታት ይሰለፋሉ። ከሁሉም በላይ ግን የዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚከማቹባቸው ሕንፃዎች፣ ፍላጎት ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ላውደን ካውንቲ ብትሄዱ መስኮት የሌላቸውን ግዙፍ ሕንፃዎች ታያላችሁ፤ እነሱ ናቸው።

ይህን ስል የንጹህ ኃይል ፖሊሲው ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ኢምፓወር በ2008 የተጀመረ፣ ቤቶች ኃይል እንዲቆጥቡ የሚረዳ ፕሮግራም ነው። ወጪው ለዓመታት ሲንከባለል ኖሮ አሁን የቀድሞው ዕዳም አብሮ እየተከፈለ ስለሆነ ክፍያው ከፍ ብሏል። የታዳሽ ኃይል ግዴታውም ኃይሉ ዋጋ ውስጥ ተጨምሮ ይመጣል። ይኼን ደብቀን ከጻፍን የሚያነበን ሰው አያምነንም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የኃይል ግብር ደግሞ የስቴቱ አይደለም፤ እሱን ለአናፖሊስ ብንጽፍ የተሳሳተ በር አንኳኳን ማለት ነው።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጆቼ፣ እኔ ሜጋዋቱን አላውቀውም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ ደህና ልብስ የለበሰ ወጣት በሬን አንኳኩቶ "እማማ፣ ቢልዎን ልቀንስልዎ" አለኝ። ቢሌን አሳየሁት፣ ፈረምኩ። ሦስት ወር ደህና ነበር። ከዚያ ዋጋው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ለካ ኃይል የሚሸጥልኝን ድርጅት ቀይሮብኛል። ልጄ ከቴክሳስ ስልክ ላይ ሆኖ ነው ያስሰረዘልኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ምጣዱን ተዪው፣ ምጣዱ ነው ቢሉን የሚያወጣው ይሉኛል። ወር ሙሉ እንጀራ ገዛሁ።

ገንዘብ ያዥ

እማማ፣ ምጣዱን ያውጡት! ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካው ምጣድ 1,500 ዋት ቢስብ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋግሩበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለስሌት እንዲቀል ኪሎዋት ሰዓቱን 20 ሳንቲም ብንይዘው 60 ሳንቲም መሆኑ ነው። ቢል የሚያወጣው ግድግዳው ሥር የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። 1,500 ዋት የሚስቡ ሁለት ማሞቂያዎች በክረምት ሌሊት ለ10 ሰዓት ቢሠሩ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በአንድ ሌሊት 6 ዶላር። በወር 180።

በር ለበር የሚሸጡትን በተመለከተ ሕጉ ተሻሽሏል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አዲስ የሚፈረም የቤት ውል ከ12 ወር አይበልጥም፤ ዋጋውም የመብራት ኩባንያው ራሱ ከሚያቀርበው መደበኛ ዋጋ ያለፈው 12 ወር አማካይ በላይ እንዲሆን አይፈቀድም። አረንጓዴ ኃይል ተብሎ የሚሸጠው ግን የራሱ ደንብ ስላለው እሱ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው።

አባል፣ ዊተን

የእማማ ማሞቂያ ላይ ልቁም። እኔም የምኖረው እንደዚያ ባለ አፓርታማ ነው። ማታ ማታ ኡበር እየነዳሁ የማገኘው ጥሩ ክፍል ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ለማሞቂያ ይሄዳል። የኢምፓወርን ክፍያ በየወሩ እከፍላለሁ። ግን በዚያ ገንዘብ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ኃይል የሚቆጥብ ማሞቂያ፣ ማስገባት የሚችለው ባለቤቱ ነው። ቢሉን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ባለቤቱ ማሞቂያውን ለመቀየር ምን ይገፋፋዋል? ሶላርም እንደዚያው ነው። ጣሪያ የለኝም፤ የት ልስቀለው?

ስለዚህ ከጀርመንታውን ወንድሜ ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። እየከፈልን ነው። ግን ይቅርልን ሳይሆን ይድረሰን ነው ማለት ያለብን።

ጸሐፊ

ይድረሰን። ይኼን ቃል ያዝኩት።

አባል፣ ታኮማ ፓርክ

ጣሪያ ለሌለው ኮሚዩኒቲ ሶላር አለ። በ2015 ሕግ በሙከራ ተጀምሮ በ2023 ቋሚ ሆኗል። ሌላ ቦታ ከተተከለ የሶላር ማመንጫ ድርሻ ትይዛላችሁ፤ ያመረተላችሁ ከመብራት ቢላችሁ ላይ ይቀነሳል። ለድርሻው የምትከፍሉት ከተቀነሰላችሁ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ ትርፋችሁ ነው። በአዲሱ ሕግ ከሚመረተው ቢያንስ 40 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው መዋል አለበት። እኔ ነርስ ነኝ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ነው የሰማሁት። በአማርኛ የነገረኝ ሰው የለም። ውሉ ረጅም ነው፣ ቃላቱ ከባድ ናቸው። እማማ ከዚያ ወጣት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት አምነው ይፈርማሉ? አይፈርሙም፤ አይፈረድባቸውምም።

ሁለተኛ ነገር። የስቴቱ የቤት ኃይል እርዳታ ቢሮ ኦሄፕ ይባላል። የማይመለስ ድጋፍ ነው፣ የገቢ ገደብ አለው፣ ማመልከቻው በየዓመቱ ከጁላይ ጀምሮ እንደገና ይሞላል። እዚያ ገቢውን አረጋግጦ ያለፈ ሰው ለኮሚዩኒቲ ሶላሩ ደግሞ ሌላ ወረቀት እንዲያመጣ አይጠየቅ። አንዱ ለሌላው ይብቃ።

አባል፣ ጀርመንታውን

እሺ፣ ገባኝ። ቤት ስላለኝ የተከራዩን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ይቅርታ። ግን አንድ ነገር ይግባልኝ። በ2025 የወጣው ሕግ ለየቤቱ በአማካይ 80 ዶላር ያህል በሁለት ጊዜ ተመላሽ አድርጓል። ገንዘቡ የመጣው ኃይል ሻጮች የታዳሽ ግዴታቸውን ሳያሟሉ ሲቀሩ ከሚከፍሉት ነው። የተሰላው ደግሞ በፍጆታ ነው፤ ትልቅ ቤት ያለው የበለጠ አገኘ። እኔ ራሴ ከእማማ የበለጠ ደርሶኛል ማለት ነው። ልክ አይደለም። ወደፊት ተመላሽ ካለ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ቤት ያድላ፣ በክረምትም ይምጣ።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ተባረክ ልጄ።

ገንዘብ ያዥ

አንድ ማስታወሻ። ማኅበራችን ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስለ ሕግ ሐሳብ መስጠት በመጠኑ ይፈቀድልናል። እጩ መደገፍ ግን ፈጽሞ አይቻልም። ስለዚህ የማንም ፖለቲከኛ ስም በጎም ይሁን ክፉ ጽሑፉ ውስጥ አይግባ።

ጸሐፊ

በተባለው መሠረት ረቂቁ ይኸው። አርሙት።

"እኛ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። ስቴቱ ወደ ንጹህ ኃይል የሚያደርገውን ጉዞ እንደግፋለን፤ ወጪውንም በየወሩ ከቢላችን ላይ እየከፈልን ነው። የቢላችን ዋና ጭማሪ የመጣው ከኃይል ገበያው መሆኑን እናውቃለን። ለዚህም ዳታ ሴንተሮች ያስከተሉትን ወጪ ራሳቸው እንዲሸከሙ የሚያደርግ ደንብ እንጠይቃለን። ከኢምፓወር ገንዘብ በኤሌክትሪክ ለሚሞቁ አሮጌ አፓርታማዎች ድርሻ ይለይ፤ በዚህ ገንዘብ ሥራ የተሠራበት ሕንፃ ባለቤትም በዚያ ምክንያት ኪራይ አይጨምር። የኦሄፕ ማመልከቻና የኮሚዩኒቲ ሶላር ውል በአማርኛ ይዘጋጅ። በኦሄፕ ያለፈ ቤተሰብ ለኮሚዩኒቲ ሶላር ያለ ሌላ ማስረጃ ይመዝገብ። ወደፊት የሚኖር ተመላሽ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች ያድላ።"

አባል፣ ዊተን

"አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን" የሚለውን ቆጥረን ነው? ካልቆጠርን "ብዙዎቻችን" ይባል። ስለ ኪራይ ጭማሪው ደግሞ የጊዜ ገደብ እናስቀምጥ፤ ለምሳሌ አምስት ዓመት። ለዘላለም ካልን አይሰሙንም።

አባል፣ ታኮማ ፓርክ

የአማርኛው ትርጉም ላይ "ሰው በቃል የሚያስረዳበት ስልክም ይኑር" ይጨመርልኝ። ከታማሚዎቼ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ።

ጸሐፊ

ሦስቱም ገብተዋል። ቅጂ ለኦፊስ ኦፍ ፒፕልስ ካውንስል እልካለሁ፤ ለቤት ተጠቃሚው የሚሟገተው የስቴቱ ቢሮ እሱ ነው። እማማ፣ የበሩን ታሪክ በራስዎ አንደበት ቢናገሩት ከእኛ አንድ ገጽ ይበልጣል። አናፖሊስ ይሄዳሉ?

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የሚያደርሰኝና የሚያስተረጉምልኝ ካለ እሄዳለሁ። ድፎ ዳቦም ይዤ እመጣለሁ፤ ምጣዱ ተፈቶልኛል።

አባል፣ ዊተን

እኔ እነዳለሁ እማማ። የዚያን ቀን ሥራ አልወጣም።

አባል፣ ጀርመንታውን

አስተርጓሚው እኔ።