እናቴ ስልኩን አላምን ብላለች፤ ምን ይሻላል?

የጣርማበር ልጅ፦ እናቴ ደብረ ሲና ነው ያለችው። ብር በስልክ ስልክላት መልእክቱን መነጽሯን አድርጋ ሦስቴ ታነበዋለች። ከዚያ ባንክ ሄዳ «ልጄ የላከው ገብቷል?» ትላለች። አምና አንድ ቁጥር ተሳስታ 300 ብር ለማታውቀው ሰው ላከች። ከዚያ ወዲህ እጇ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን ግን አትፈራም፤ የበጎቿን ፎቶ በየቀኑ ትልክልኛለች!

መንዜው፦ የኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። አጠገቤ አስቀምጬ 5 ብር እንዲልኩልኝ አደረግሁ። ስልኬ ወዲያው ጮኸ፤ ሳቁ። ደጋግመው ላኩ።

አንኮበሬ፦ ከመላካቸው በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ጮክ ብለው ያንብቡት። ደግሞ ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አታጥፋባቸው። «ከባንክ ነን» ብሎ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሞልቷል።

የጣርማበር ልጅ፦ ስሙን አላየሽም ወይ አልኳት። «ቸኩዬ ነው» አለች።