ጋርኔቱ (ሺስት ውስጥ ያደገው ማዕድን) ዞሯል ወይስ አልዞረም? እባካችሁ እርዱኝ
ሰላም ለናንተ ይሁን፤ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉት የአዶላ ሺስቶች (በሙቀትና በግፊት ተለውጠው የተነባበሩ ድንጋዮች) በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጣጠፉ ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ቁልቁለት፣ ዙሪያዬ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ ወጥቼ የማመሳክረው ሺስት የለም። ያለኝ ማይክሮስኮፕና ቲን ሴክሽን (ብርሃን እንዲያሳልፍ በጣም ሳስቶ የተቆረጠ የድንጋይ ቁራጭ) ብቻ ነው።

የቸገረኝ ይኸውላችሁ። ጋርኔቱ መሃል የታሰሩት ደቃቅ የኳርትዝ ፍሬዎች ቀጥ ባለ መስመር ተደርድረዋል፤ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ግን ይታጠፋሉ። ውጭ ያለው የማይካ ፎሊየሽን (የማይካ ማዕድን ስስ ቅጠሎች በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩበት ንብርብር) ደግሞ ከመሃሉ መስመር ወደ 60 ዲግሪ ይለያል። እኔ የሚመስለኝ ጋርኔቱ የመጀመሪያውን ፎሊየሽን ውጦ ካደገ በኋላ፣ ጠርዙ የተጨመረው ሁለተኛው መጣመም ሲጀምር ነው። አማካሪዬ ግን "ማዕድኑ ራሱ እያደገ ዞሮ ቢሆንስ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።

በአንዱ ቁራጭ ውስጥ ያሉት ጋርኔቶች የመሃል መስመራቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ይህ ብቻውን አለመዞራቸውን ያሳያል? ወይስ የመጀመሪያውን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ ሌላ ቁራጭ ላሠራ? ናሙናው ሲነሳ አቅጣጫው ተመዝግቧል። በዚህ የሠራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ።