አዲስ ዘፈን ለጓደኛ ለመላክ የቱ ይሻላል? ጥቆማ ከባህር ዳር

ስፖቲፋይ ነው ቴሌግራም ነው እያላችሁ ከምትጨቃጨቁ የኔን ልንገራችሁ፣ ባህር ዳር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ስለምነካካ። አስቀድሜ ግን፣ አፑ የቱም ይሁን ሠላሳ ዘፈን ባንዴ የሚደፋብህን ሰው ማንም አይሰማውም። አንድ ዘፈን ላኩ፣ ከሥሩ ለምን እንደላካችሁ አንድ መስመር ጻፉ፣ "መሀል ላይ ማሲንቆው ሲገባ ስማው" ምናምን በሉ። ያኔ ይከፈታል።

ለኛ ኔትወርክ አንደኛ የምለው ቴሌግራም ነው። ፋይሉን አንዴ ካወረድከው ያለዳታ ትሰማዋለህ፣ ስክሪኑን ዘግተህ ኪስህ ብትከተውም ይጫወታል፣ በነጻ እስከ 2 ጂቢ ስለሚቀበል ሙሉ አልበም ዚፕ አርጎ መላክም ይቻላል። የሚያበሽቀው "ትራክ 03 አዲስ" የሚል ፋይል ይመጣልህና ማን ዘፈነው የለ፣ መቼ ወጣ የለ። በናታችሁ ስትልኩ ስሙን አስተካክሉ። ደግሞ ዘፋኙ ከዚህ አምስት ሳንቲም አያገኝም፣ ከወደዳችሁት ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ክፈሉለት።

ዩቲዩብ ድሮ ካሴት ላይ የቀረውን ሁሉ አለው፣ ከሥር ያሉት ኮመንቶች ራሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ ሳይቀር የሚጽፉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ግን ስክሪኑ ሲጠፋ ቀጥ ይላል፣ ዳታ ደግሞ ይግጣል፣ ለመስማት ብቻ ከሆነ የቪዲዮውን ጥራት 144 ላይ አርጉት። ስፖቲፋይን የምወደው ለውጭ ሙዚቃ ነው፣ ብሌንድ የሚባለው ነገር ያንተንና የጓደኛህን ምርጫ ደባልቆ አንድ ፕሌይሊስት ያወጣል፣ እዛ ላይ ነው የሰው ጉድ የሚታየው። ነጻው ማስታወቂያ አለው፣ አውርዶ ያለኢንተርኔት ለመስማት መክፈል ግድ ነው፣ የውጭ መክፈያ ካርድ ለሌለን ሰዎች ነገሩ እዛው ላይ ያበቃል። ሰዋሰው የአገር ውስጥ የሙዚቃ አፕ ስለሆነ ለአዲስ የአማርኛ አልበም ጥሩ ነው፣ ሌላ ስልት ፍለጋ ግን እዛ አልሄድም።

አሁን ልትስቁብኝ ነው፣ ግን ፍላሽና ዜንደር እንዳትንቁ። በ2015 ክረምት እዚህ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስንት ወር ዘፈን የተቀባበልነው በምን ነበር? ሚሞሪ ይዘህ ሙዚቃ ቤት ሄደህ ታስጭናለህ፣ ከዛ ሰፈር ውስጥ ከስልክ ስልክ ይዞራል። ሙዚቃ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ አፕ የማያውቀውን ያውቃል፣ ሁለት ዘፈን ስትጠይቀው ሦስተኛውን ራሱ ይጨምርልሃል።

የባህር ዳር ሙዚቃ ቤት ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን ብቻውን እየተጫወተ የቀዳው ካሴት ነበረ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ለቃሚ ያንን ካሴት ያገኘው እዚሁ ባህር ዳር ነው፣ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በራሱ ሌብል እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዛ ሰዓት ዋሽንግተን ኤርፖርት ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከዛ በኋላ ነው ተመልሶ የዓለም መድረክ ላይ የወጣው። እኛ አጠገቡ ቡና እየጠጣን ያለፍነውን ካሴት! ማታ ላይ በኢርፎን ስሙት፣ አኮርዲዮኑ ትዝታን እንዴት እንደሚያለቅሰው።

ለማን ምን እንደምልክ ደግሞ። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፣ ከይሁኔ በላይና ከሰማኸኝ በለው ውጪ ባጃጁ ውስጥ አይገባም። ጃዝ ብዬ ብልክለት ብሎክ ያረገኛል። ስለዚህ በጂጂ ነው የገባሁበት፣ የቻግኒ ልጅ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ላይ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የሚባሉ የአሜሪካ ጃዝ አንጋፋዎች ተጫውተዋል፣ ጃዙን ሳያውቀው ሰማው ማለት ነው። በቮይስ "ይቺ እኮ የኛው ናት፣ ከኋላ ያለው ጡሩምባ ግን ምንድነው?" አለኝ፣ እኔም የምፈልገው እሱን ጥያቄ ነበር። ያንን አልበም ፕሮዲውስ ያረገው ቢል ላስዌል እ.ኤ.አ. በ2012 የጃኖ ባንድንም አልበም ሠርቷል፣ ስለዚህ ቀጥሎ ሮክ ላክሁለት። ጊታሩ ላይ ትንሽ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን አልዘለለውም።

በገና ለሚወድ ሰው ኢትዮፒክስ ከሚባለው የሲዲ ተከታታይ የዓለሙ አጋ ቁጥር 11፣ ከሱ ወደ እማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ፣ ቁጥር 21። እነዚህን ባጃጅ ውስጥ እንዳትከፍቱ፣ ጸጥታ ይፈልጋሉ። ጭፈራ ለሚፈልግ ወጣት ሮፍናን፣ የባህሉን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ጋር የሚያጋባበት መንገድ ከበሮና እስክስታ ላደገበት ጆሮ አይከብድም። ከውጪ ለመጀመር ደግሞ ሱዳን፣ ሞሐመድ ወርዲን ላኩ፣ ዜማቸው እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ቋንቋውን ሳትሰማ ዜማውን ታንጎራጉራለህ። ከዛ የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ፣ ጊታሩን ሲነካው አንዳንዴ ክራር ይመስለኛል። ራፕ ላይ አልፈርድም፣ ታናሽ እህቴ ትበልጠኛለች፣ እሷ የላከችልኝን ነው የምሰማው።

እንጅባራና ዳንግላ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ተባበሩኝ፣ ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሚዘፈነውን በአገውኛ፣ ንፋስና ፉጨት ያልበዛበት ቅጂ ያለው ሰው በፋይል ይላክልኝ፣ ስሙንም ጻፉበት።