ስልጠናው ከቢሮ ይውጣ ወይስ ሥራው ዘንድ ይምጣ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ በመሆኗና ሆቴሎቿም በመብዛታቸው የመሥሪያ ቤቶች ስልጠና የማይጠፋባት ከተማ ሆናለች። እኛ የከተማዋ ሠራተኞችም ብዙ ጊዜ የምንሰለጥነው ከቢሯችን ብዙም በማይርቅ ሆቴል ነው። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ አሠራር ይቀጥል ወይስ ስልጠናው እዚያው በሥራ ቦታ ይሰጥ የሚል ነው።

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፦ በሥራ ቦታ መሆን አለበት እላለሁ። በግምጃ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ንብረት አስተዳደር 3 ቀን ስንሰለጥን አሰልጣኙ ስላይዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበልን። ንብረት ገቢ ሲሆን ሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22 የሚባለው ሰነድ እንደሚቆረጥ ነገረን፤ ይህን የማያውቅ ሰው ግን በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እኛን የሚያስጨንቀን፣ ኃላፊው ደውሎ «ዕቃውን ስጡት፣ ወረቀቱ ነገ ይመጣል» ሲል ምን ማድረግ እንዳለብን ነው። ይህን ስጠይቅ «በሻይ ሰዓት እንነጋገራለን» ተባልኩ፤ በሻይ ሰዓትም አልተነጋገርንም።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎን እጋራለሁ፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። እኛ በቢሯችን የስብሰባ ክፍል ሰልጥነን እናውቃለን። በአንድ ቀን ብቻ «አንድ ፊርማ ናት» እየተባልኩ ሦስት ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ ስመለስ የቡድን ሥራው አልቆ ነበር። ከቢሮ መውጣት ቅንጦት ሳይሆን ሐሳብን ሰብስቦ ለመማር ያለን ብቸኛ ዕድል ነው። ለስልጠና የሚከፈለንን ውሎ አበል እንደ ጥፋት የምታነሱ ወገኖች ካላችሁም የደመወዛችንን መጠን እንድታስቡ እለምናለሁ።

የሆቴል አስተናጋጅ፦ በአዳራሽ መስተንግዶ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ስልጠና ከቀነሰ የእኔም የሥራ ቀን ይቀንሳል። ይሁንና ያየሁትን ልመስክር። ከምሳ በኋላ፣ በአዳማ ሙቀት፣ መብራቱ ጠፍቶ ስላይድ ሲነበብ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፤ ወንበሩ ዞሮ በየጠረጴዛው ሥራ ሲሰጣቸው ግን ሻይ መድረሱን ስንነግራቸው እንኳ አይነሡም።

አሰልጣኝ፦ ወንድማችን ያነሣት ይህች ነጥብ ከሁላችንም ንግግር ትበልጥብኛለች። አዳራሹን መክሰሳችን ዋናውን ጉዳይ እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ፤ ስልጠናን ፍሬ የሚያሳጣው ከሁሉ በፊት መነሻው ነውና። አብዛኞቻችን አሰልጣኞች የምንነሣው ከመመሪያው አንቀጽ 1 እንጂ ሠራተኛው ትናንት ከተቸገረበት ቦታ አይደለም። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮልም ኖውልስ ያስገነዘበውም ጎልማሳ ልምዱን ይዞ እንደሚመጣና ለመማር የሚነሣሣውም ትምህርቱ የገጠመውን ችግር የሚፈታለት ሲሆን እንደሆነ ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ ስልጠና ላይ ለሁለት ቀን ድምፅዋን ያልሰማናት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ስላይዱን ትቼ፣ ስምና ማኅተማቸው የተሸፈነ የሞዴል 22 ቅጂዎችንና የአንድ ዕቃ ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ) በየጠረጴዛው አደልኩና «ስህተቱን ፈልጉ» አልኩ። ያቺ ሴት ጣቷን በ«ቀሪ» ዓምድ ላይ እያንሸራተተች ወረደችና አራተኛው መስመር ላይ ቆመች፤ ሰነዱ 12 ደስጣ ወረቀት ወጪ መሆኑን ሲያሳይ ከካርዱ የተቀነሰው 10 ነበር። ከዚያ በኋላ የጠረጴዛው አስተማሪ እሷ ሆነች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ አዳዲስ ሠራተኞችን በፍጥነት ለፋብሪካ ማብቃት ሲኖርባት ለሥራ አለቆች ያስተማረችው ዘዴ አራት እርምጃ ነበረው፦ ሠራተኛውን አዘጋጀው፣ ሥራውን እያሳየህ አስረዳው፣ ራሱ ይሞክረው፣ ከዚያም ተከታተለው። እኛ ዘንድ ያለው ሁለተኛው ነው፤ እሱም ማሳየቱ ቀርቶ ማስረዳቱ ብቻ። ስለዚህ የ3 ቀኑ የአዳራሽ ስልጠና 1 ቀን ይሁንና፣ በቀሪው ገንዘብ አሰልጣኙ ከአንድ ወርና ከሦስት ወር በኋላ ግምጃ ቤቱ ድረስ ሄዶ ካርዱን ከሰነዱ ጋር ያመሳክር።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከእኛ የሚጠየቀው ሪፖርት «ስንት ሰው ሰለጠነ» የሚል ነው፤ ክትትልን ማን ይቆጥረዋል?

አሰልጣኝ፦ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 መጻፍ በጀመረው የስልጠና ምዘና ውስጥ አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተገበረው ወይ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ውጤት አመጣ ወይ። እኛ በመጨረሻው ቀን የምናስሞላው ቅጽ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምግቡና ስለ አሰልጣኙ ጠይቆ በመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ቅጹን መለወጥ የእኛው ሥራ ነው፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፦ የስልኩ ጥያቄዬ ግን አሁንም መልስ አላገኘም።

አሰልጣኝ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያለ ወረቀት ዕቃ መስጠት እንደሌለብዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የጎደለው የእርስዎ ዕውቀት አይደለም። ኃላፊው የሚደውለው ችግሩ እሱ ዘንድ ስላለ ነው፤ እርስዎን ብቻ ደጋግሞ ማሰልጠን ጥፋቱን ወደ እርስዎ ማዞር ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር የጥሪ ደብዳቤው ለኃላፊዎችም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፤ ከእርስዎ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ አስቸኳይ ዕቃ ሲያስፈልግ ማን፣ በምን ሰነድ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚፈርም አብራችሁ ትወስናላችሁ።

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፦ እንዲያ ከሆነ ሆቴልም ይሁን ቢሮ እመጣለሁ። ፊርማ ሳያገኙ የቀሩትን የሞዴል 20 መጠየቂያዎችም ይዤ እመጣለሁ።