ለአድዋ ድራማ የጣሊያን ወታደር ሄልሜት በምን ልሥራ?

ከዚራ ሰፈር፦
ሰላም ነው? ድሬ ያለን አማተር የቴአትር ልጆች ነን፣ ለየካቲት 23 ስለ 1888ቱ ጦርነት አጭር ድራማ ይዘናል። አልባሳቱ እኔ ላይ ወደቀ። 6 የጣሊያን ወታደር ሄልሜት ያስፈልገኛል፣ ያ ዙሪያውን ጥላ ያለው። ፊኛ ነፍቼ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ አንዱን ሠራሁት፣ ሲደርቅ አሪፍ ነበር። ልምምድ ላይ ግን በዚህ ሙቀት የልጁ ላብ አራሰውና ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ጆሮው ላይ ተኛ። አቦ ምን ይሻላል? ብር የለንም።

ጀጎል ጥግ፦
ፊኛውን ተወው። ፊኛ ክብ ነው፣ ጭንቅላት ሞላላ፤ ግንባር ላይ ያጠብቃል፣ ጎን ላይ ይወላወላል። እኔ ሐረር ለተማሪዎች ስሠራ መነሻዬ ገበያ የሚሸጠው የሰሌን ባርኔጣ ነበር። ጥላው ተሠርቶ መጣልህ ማለት ነው። አናቱን በተጨማደደ ወረቀት ከፍ አድርግና በውሃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ጋዜጣውን 3 ድርብ ለጥፍበት፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን እንዳትደርብ። ጥላ ሥር አድርቀው፣ የድሬ ፀሐይ ያጣምመዋል። ከላይ አቡጀዲ አልብሰው፤ ጨርቁን አስቀድመህ ሻይ ቅጠል ውስጥ ቀቅለው፣ ዘመቻ የከረመ ይመስላል። የዱቄት ሙጫ ግን ይቅርብህ። የኛን ዕቃ ቤት አስቀምጠነው አይጥ ግማሹን በላው ወላሂ።
ለላቡ ደግሞ የድሮው ሄልሜትም ከቡሽ ተሠርቶ ጨርቅ የለበሰ ነበር፣ ውስጡ ያለው ቀበቶ ከቅርፊቱ ራቅ ስለሚል አየር ያልፋል። አንተም ስፖንጅ ቆርጠህ 4 ቦታ ብቻ ለጥፍ፣ ዙሪያውን አትድፈነው።

መጋላ፦
ስፖንጁን በማስቲሽ ለጥፈው፣ ይይዛል። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጩን ፎም ግን ማስቲሽ እንዳታስነካው፣ ዓይንህ እያየ ይበላዋል። ስፕሬይ ቀለምም እንደዚያው። እኔ የሁለት ቀን ሥራ በአምስት ደቂቃ አጥቻለሁ።
ሌላው፣ ለምንድነው 6ቱም ሄልሜት የሚያደርጉት? ከጣሊያን ጎን የተሰለፉት አስካሪዎች፣ ማለት የአገሬው ተወላጅ ቅጥር ወታደሮች፣ እኮ ቀይ ታርቡሽ (ጥላ የሌለው ቆብ) ነበር የሚያደርጉት። ካርቶን ጠቅልለህ ቀይ ጨርቅ አልብሰህ ዘርፍ ብታንጠለጥልበት አለቀ።

ጀጎል ጥግ፦
እውነቱን ነው። ደግሞ የፊቱን ጥላ ትንሽ አሳጥረው። መብራቱ ከላይ ሲመጣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ተመልካቹ የሚያየው አገጭ ብቻ ነው።

ከዚራ ሰፈር፦
ኑሩልኝ! 3 ሄልሜት፣ 3 ታርቡሽ ወሰንኩ። ነገ ጠዋት ሳይሞቅ ለባርኔጣው ከፊራ ገበያ እወርዳለሁ። ዘርፉን ግን በምን ትሠሩታላችሁ፣ ክር ይበቃል?