ሰፌዴ ሙዳይ ሊሆንብኝ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ወገኖች። ቀኑን ሙሉ ከሂሳብ መዝገብ ጋር ነው የምውለው። ማታ ቤት ስገባ ጭንቅላቴ አያርፍም፤ ስልክ ስጎረጉር እኩለ ሌሊት ይሆናል። በየቀኑ ትንሽ የእጅ ሥራ መንፈስ ያድሳል ሲባል ሰምቼ ከመርካቶ ስንደዶ፣ አክርማና ወስፌ ገዛሁ። ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ብቻ ትንሽ ሰፌድ እሰፋለሁ። እውነትም ደስ ይላል! የነከርኩትን ስንደዶ ስጠመጥም ስልኩን እረሳዋለሁ።

አሁን ግን ተቸገርኩ። መሃሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጠርዙ ሽቅብ ይነሳል። አጥብቄ ስለምስበው ይሆን? ልፍታው ወይስ እየቆየ ይስተካከላል?

የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤቴ "ለማን ልትሸጪው ነው?" ካለኝ ወዲህ መዝናኛዬ ሥራ ሆነብኝ። ቶሎ ልጨርስ እላለሁ፣ እጄ ይቸኩላል፣ ደስታው ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አልነካውም። (እሱ እንኳ ለቀልድ ነው ያለው።)

ስፌት የምትችሉ እናቶች፣ እንዲሁም ጥልፍ፣ ሥዕል ወይም ግጥም በየቀኑ የምትሞክሩ፣ ውጤቱን ሳታስቡ መሥራትን እንዴት ለመዳችሁት? በቀን አንድ ዙር ብሎ መወሰን ይረዳል ወይስ ደስ ባለኝ ሰዓት ብቻ ላንሳው? እስቲ በሉኝ።