ለአክሽን ፊልም የሚሆን ክላሽ፦ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ይገዛ ወይስ አናጺ ይሥራው?

የከዚራዋ፦ ድሬዎች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ዴቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የምንቀርጸው የተኩስ ትዕይንት አለ፤ 10 ክላሽ ያስፈልገናል። ታይዋን ያለው የልጆች መጫወቻ ይሆናል ወይስ አናጺ ጋ ልሂድ? እውነተኛውን ባዶውን እንዋስ የሚልም አለ።

ሸዋ በር፦ እውነተኛውን በፍጹም! ሰው የሚገድለው «ባዶ ነው» የተባለው ነው። ተዋናዩ ብራንደን ሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ቀረጻ ላይ የሞተው፣ ለማሳያ ከገባ ጥይት ጫፉ (እርሳሱ) ተነቅሎ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ፣ ኋላ የተተኮሰው ባሩድ ብቻ ያለው ቀለህ ገፍቶ ስላወጣው ነው።

አሥሩንም አንድ ዓይነት አታድርጊ አቦ። ካሜራ የሚጠጋቸው ሁለት ናቸው፤ እነሱን ከታይዋን ግዢ፣ ካዝናቸው (ጥይት መያዣው) የሚወልቅ ይሁን። የፕላስቲኩን መጋጠሚያ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላጊው፤ የማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ ሁለቴ በስሱ ንፊበት፤ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጨርቅ እሺበት፣ እጅ ያረጀው ብረት ይመስላል። ትልቁ ችግር ቅለቱ ነው። የድሮው ክላሽ ያለ ካዝና ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ መጫወቻውን ተዋናዩ እንደ ዱላ ሲያወዛውዘው ያስታውቃል። 40 ሳንቲ ሜትር ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ውስጡ ቢገባ 600 ግራም ያህል ይጨምራል፤ ወደ ሰደፉ አስጠጊው፣ አለዚያ አፍንጫው ይደፋል። መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በድሬ ቀትር ይጣመማል።

ለስምንቱ ዋንዛ። ባህር ዛፍ ይረክሳል፣ ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይሰነጠቃል። ለአናጺው ፎቶ አይበቃም፤ 87 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ካርቶን ላይ በልኩ ሥለሽ ቁረጪለት። ማንገቻውን ግን ከቆዳ አሠሪ፤ የናይለን ገመድ ሁሉን ያበላሻል።

ቀፊራ ማዶ፦ ብየዳ ቤት የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚ። ክብደቱ ልክ ይመጣል፣ ግን ሩጫ ላይ ጥርስ ይሰብራል፤ ቱቦ አፈሙዝ ካለውም ፍተሻ ላይ ያስይዛል። የእንጨቱንም ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ አስበሺው፣ ለካሜራ ይበቃል።

እሳቱን ኤዲቲንግ ላይ ጨምሩ። ክላሽ በደቂቃ 600 ይተኩሳል፣ በሰከንድ 10 ማለት ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብትቀርጹ ብልጭታው በየሁለት ወይም በየሦስት ፍሬሙ ይመጣል፣ አንድ ፍሬም ብቻ ቆይቶ ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፣ በየፍሬሙ ይደረድረዋል፤ ያኔ ችቦ ነው የሚመስለው። ተዋናዩ ትከሻውን ካልነቀነቀ ደግሞ ምንም ብልጭታ አያድነውም።

የከዚራዋ፦ እናመሰግናለን! አንዱ ትዕይንት የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ያው ክላሽ ይሄዳል?

ሸዋ በር፦ አይሄድም። ሶቪየቶች ክላሽን የታጠቁት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የድሮውን ጠመንጃ፣ ውጅግራ አሠሪ፤ 1 ሜትር ከ30 ርዝመት፣ ካዝና የለውም፣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ለአናጺም ከክላሽ ይቀላል።

ቀፊራ ማዶ፦ ለቀበሌውና ለፖሊስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ብዛቱን በደብዳቤ አሳውቂ። ወደ ቦታው ስትሄዱ በማዳበሪያ ጠቅልሉ። ማታ በቁጥር ተረከቢ፤ አንድ ከጎደለ ሳይገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።